የአማቪስ ቴምፕ ፎልደር ለምን ይሞላል? ከማጥፋት በፊት መታየት ያለበት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የኢሜይል ሰርቨራችን ሊኑክስ ላይ ነው። ፖስትፊክስ ይቀበላል፣ አማቪስ በክላምኤቪ (ቫይረስ ፈላጊ) እና በስፓምአሳሲን (አይፈለጌ ደብዳቤ ለዪ) ይፈትሻል፣ ዶቭኮት ወደ ተጠቃሚዎች ሳጥን ያስገባል። ሰሞኑን ዲስኩ እየሞላ አስቸግሮናል። ገብቼ ሳይ የአማቪስ ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ማስቀመጫ) ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎልደሮች ተከምረዋል። የሲስተሙ ቴምፕ ላይም የክላምኤቪ ፎልደሮች አሉ። ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያጠፋ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ሥራ) ልጻፍ? የተወሰነውን በእጄ አጥፍቼ ነበር፤ ዲስኩ ግን ቦታ አልለቀቀም።»

ክሮኑን ለዛሬ ይተዉት። እያንዳንዱ የተረሳ ፎልደር አንድ ሥራ መሃል ላይ መቋረጡን የሚያሳይ ምልክት ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን ቢወለውሉት ነገም ያው ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር አለ። የኢሜይል ሰርቨር ላይ ጊዜያዊ የሚመስል ፋይል አንዳንዴ የአንድ ሰው ደብዳቤ ብቸኛ ቅጂ ነው። ስለዚህ ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ይህ ፋይል ቢጠፋ ደብዳቤው ሌላ ቦታ አለ ወይ?

መልሱ እንደ ፋይሉ ባለቤት ይለያያል። ብዙው ክምር ያለው አማቪስ ጋ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አማቪስ አንድ ወላጅ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) እና ጥቂት ልጅ ፕሮሰሶች አሉት። ልጁ የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲቀበል የራሱን የሥራ ፎልደር ይከፍታል። ፎልደሩ ውስጥ «ኢሜይል ቴክስት» የሚባል ፋይል አለ፤ ሙሉው ደብዳቤ እንዳለ እሱ ውስጥ ነው። ከጎኑ «ፓርትስ» የሚባል ንዑስ ፎልደር አለ፤ አባሪዎቹ ተፈትተው፣ ዚፑም ተከፍቶ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ፍተሻው ሲያልቅ ልጁ ፎልደሩን ባዶ ያደርገውና ለሚቀጥለው ኢሜይል ይጠቀምበታል። የተመደበለትን የኢሜይል ብዛት ሲጨርስ ፎልደሩን አጥፍቶ ራሱም ይሰናበታል።

ይህን ካወቁ አንድ ቀላል መለኪያ አገኙ። በጤናማ ሰርቨር ላይ የፎልደሮቹ ብዛት ከልጆቹ ብዛት አይበልጥም። ሁለት ልጆች ካሉ ሁለት ፎልደር፣ አራት ካሉ አራት። በሺዎች የሚቆጠር ካዩ፣ አማቪስ በሺዎች ጊዜ ሥራውን በወጉ ሳይጨርስ ቀርቷል ማለት ነው።

ሳይጨርስ የሚቀረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ልጁ በድንገት ሲገደል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሆን ተብሎ የሚሆን ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። አማቪስ ፍተሻው ላይ ከባድ ችግር ሲገጥመው ፎልደሩን አያጠፋም። አስተዳዳሪው ገብቶ እንዲመረምር ብሎ ያስቀምጠዋል። ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይም «ፕሪዘርቪንግ ኤቪደንስ» የሚል መስመር ጽፎ የፎልደሩን ስም ያስከትላል፤ ማስረጃውን እያቆየሁልህ ነው ማለቱ ነው። እርስዎ በክሮን ሊጠርጉት ያሰቡት ክምር፣ ፕሮግራሙ ለእርስዎ ያስቀመጠው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ የኢሜይል ሎጉ ላይ ይህን ሐረግ ፈልጎ መቁጠር ይሁን። ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን «ትራብል ኢን ቼክ ሜይል» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተጽፎ ያገኙታል።

አሁን ቁጥሩ ለምን በሺዎች እንደሚገባ ላሳይዎ። ፖስትፊክስ ኢሜይሉን በፖርት (በር) 10024 ለአማቪስ ይሰጣል። አማቪስ ይፈትሽና በፖርት 10025 መልሶ ለፖስትፊክስ ያስረክባል። በተለመደው አሠራር ፖርቶቹ እነዚህ ናቸው። አማቪስ ለመጀመሪያው ፖስትፊክስ «ተቀብያለሁ» የሚለውን የ250 መልስ የሚሰጠው፣ በሌላኛው በር ያለው ፖስትፊክስ ኢሜይሉን ከተረከበለት በኋላ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤው በፖስትፊክስ ወረፋ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ፍተሻው ከከሸፈ አማቪስ «ለጊዜው አልቻልኩም» ይላል፤ ፖስትፊክስም ቆየት ብሎ ያንኑ ደብዳቤ እንደገና ይሞክራል። ፍተሻው እንደገና ይከሽፋል። ሌላ ፎልደር ይቀራል።

ፖስትፊክስ ካልተነካ ከከሸፈ ሙከራ በኋላ ቢያንስ 300 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ጊዜውን እያራዘመ ሄዶ 4000 ሰከንድ ላይ ይቆማል። ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ለላኪው የሚመልሰው ከ5 ቀን በኋላ ነው። ያስሉት። 5 ቀን 432,000 ሰከንድ ነው፤ ለ4000 ሲካፈል 108። አንድ ችግር ያለበት ኢሜይል ብቻውን ከ100 በላይ ፎልደር ይተዋል ማለት ነው። ደብዳቤው 20 ሜጋባይት ከሆነ ያ አንድ ደብዳቤ ብቻውን ከ2 ጊጋባይት በላይ ይበላል፤ የተፈቱት አባሪዎች ሳይጨመሩ ነው እንግዲህ።

በእርስዎም ሰርቨር ላይ የሆነው ይህ መሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። በየፎልደሩ ካሉት የኢሜይል ቴክስት ፋይሎች ውስጥ በ«ሜሴጅ አይዲ» የሚጀምረውን መስመር በግሬፕ ያውጡ። በሶርት ይደርድሩት፣ በዩኒክ ይቁጠሩት። ሦስት ሺህ ፎልደር ከሠላሳ ደብዳቤ የመጣ ሆኖ ከተገኘ፣ የአንድ ነገር ድግግሞሽ ነው የያዙት። አይዲዎቹ ሁሉም የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ አማቪስ ራሱ ወይም ከሥሩ ያለው ፈታሽ በተደጋጋሚ እየሞተ ነው። ሁለቱ የሚታከሙት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ይህን ቆጠራ አይዝለሉት።

ወደ ክላምኤቪ እንምጣ፤ በእኔ ግምት የእርስዎ ችግር ሥሩ እዚህ ነው። ግምቴም ከመሬት የተነሳ አይደለም። የሲስተሙ ቴምፕ ላይ የክላምኤቪ ፎልደሮች ቀርተዋል ብለዋል። ክላምኤቪ አባሪዎችን የሚፈታበትን ጊዜያዊ ፎልደር ፍተሻው ሲያልቅ ራሱ ያጠፋል። የሚቀረው ሁለት ጊዜ ነው። ወይ ኮንፊገሬሽኑ ላይ «ሊቭ ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን መስመር አንድ ሰው ለምርመራ ብሎ ከፍቶ ሳይዘጋው ቀርቷል፣ ወይ ፕሮሰሱ ለማጽዳት ፋታ ሳያገኝ ተገድሏል። የመጀመሪያውን ፋይሉን ከፍቶ ማየት ነው። ዋናው ሁለተኛው ነው።

የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ነው። የክላምኤቪ የቫይረስ መለያ ዳታቤዝ ሚሞሪ ላይ ሲጫን ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። በ2020 ከወጣው 0.103 ቨርዥን ወዲህ ደግሞ አዲስ ዳታቤዝ ሲመጣ አሮጌው ሥራውን ሳያቋርጥ አዲሱ ከጎኑ ይጫናል። ፍተሻው እንዳይቆም የታሰበ ጥሩ ነገር ነው። ግን ለዚያች ጥቂት ጊዜ የሚፈልገው ሚሞሪ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሰርቨሩ ጠበብ ያለ ሚሞሪ ካለው ከርነሉ «ሚሞሪ አለቀ» ብሎ ትልቁን ተመጋቢ መርጦ ይገድላል። በዚህ መንገድ የተገደለ ፕሮሰስ የመሰናበቻ ሰከንድ እንኳ አይሰጠውም። ፎልደሩ እንዳለ ይቀራል።

ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ሰዓቶችን ጎን ለጎን ያድርጉ። አንደኛው የተረሱት የክላምኤቪ ፎልደሮች የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት ነው። ሁለተኛው የፍሬሽክላም (ዳታቤዙን የሚያድሰው ፕሮግራም) ሎግ ላይ ዳታቤዙ የታደሰበት ሰዓት። የሚቀራረቡ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። የከርነሉን ሎግ በጆርናልሲቲኤል ከፍተው ክላምዲ (ሁልጊዜ የሚሠራው የክላምኤቪ ፕሮሰስ) መገደሉን የሚናገረውን መስመር ቢያገኙማ ሌላ ምስክር አያሻም።

ክላምዲ ሲሞት ምን እንደሚከተል ማወቅም ይጠቅማል፤ ነገሩ ሰንሰለት ነው። አማቪስ ዋናው ፈታሽ አልመለሰልኝም ይልና ወደ መጠባበቂያው ይሄዳል። ሎጉ ላይ ዋና ፈታሾቹ በሙሉ እንደከሸፉና መጠባበቂያዎቹን ሊሞክር እንደሆነ ይጽፋል። መጠባበቂያው ብዙ ጊዜ ክላምስካን ነው። ክላምስካን ደግሞ ለእያንዳንዱ ኢሜይል ሙሉውን ዳታቤዝ ከዲስክ እንደ አዲስ ይጭናል። ሚሞሪ አንሶት በተንገዳገደ ሰርቨር ላይ ሌላ አንድ ጊጋባይት፣ ልጆቹ አራት ከሆኑ አራት ጊጋባይት ተፈለገ ማለት ነው። ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። አማቪስ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ጊዜ ካልተቀየረ 8 ደቂቃ ነው፤ እሱ ያልፋል። ፍተሻው ይከሽፋል። ማስረጃ ይቀመጣል። ፖስትፊክስ ደግሞ እንደገና ይሞክራል። ዲስክ ሞላ ብለው ያዩት ነገር መነሻው ሚሞሪ ሊሆን ይችላል የምለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሚሞሪ መጨመር ነው። ካልተቻለ የክላምዲ ኮንፊገሬሽን ላይ «ኮንከረንት ዳታቤዝ ሪሎድ» የሚለውን «ኖ» ያድርጉት። ያን ጊዜ አሮጌው ዳታቤዝ ወርዶ አዲሱ ይጫናል፤ ፍተሻው ጥቂት ይቆማል፣ ኢሜይሉም ትንሽ ይዘገያል። ለትንሽ ሰርቨር ይህ መዘግየት ከመገደል እጅግ ይሻላል። የአማቪስ ልጆችንም ከሚሞሪው አቅም ጋር ያመጣጥኑ። ብዙ ልጅ ማለት ፈጣን ሰርቨር ማለት አይደለም።

ክላምኤቪ ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ሌላ የታወቀ ጥፋተኛ አለ። ስፓምአሳሲን የተማረውን የሚያስቀምጥበት የቤይስ ፎልደር ውስጥ ገብተው ይዩ። ስሙ በ«ቤይስ ቶክስ» ጀምሮ በ«ኤክስፓየር» እና በቁጥር የሚጨርስ ፋይል ካለ፣ ያ ያላለቀ ጽዳት ቅሪት ነው። ስፓምአሳሲን አልፎ አልፎ ያረጁ ቃላትን ከዳታቤዙ ያራግፋል። ሥራውን የሚጀምረው ግን አንድን ኢሜይል በመፈተሽ ላይ እያለ ስለሆነ፣ ማራገፉ ረዝሞ ጊዜ ካለፈበት መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ፋይሉም ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቆረጣል። እዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። አውቶማቲክ ማራገፉን በ«ቤይስ አውቶ ኤክስፓየር» ላይ 0 አድርገው ይዝጉት። ከዚያ ኤስኤ ለርን በሚባለው ኮማንድ «ፎርስ ኤክስፓየር» የሚለውን በክሮን፣ ሌሊት፣ በአማቪስ ተጠቃሚ ስም ያስኪዱት። ክሮን የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የቀሩትን የኤክስፓየር ፋይሎች ከዚያ በኋላ ማጥፋት ይችላሉ።

ለምን ቦታ አልለቀቀም ላሉት፦ ሊኑክስ ላይ ፋይል ሲጠፋ የሚጠፋው መጀመሪያ ስሙ ነው። አንድ ፕሮሰስ ፋይሉን ከፍቶ ይዞት ከሆነ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል፤ ፕሮሰሱ ሲዘጋው ወይም ሲሞት ብቻ ይለቀቃል። ፋይሎችን የሚደምረው ዲዩ «ትንሽ ነው ያለው» እያለ የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ «ሞልቷል» ካለዎት ይህ ነው። ኤልሶፍ የሚባለውን ኮማንድ ከስም ውጭ የቀሩ ፋይሎችን ብቻ እንዲያሳይ በፕላስ ኤል 1 ያስኪዱት። ያዡን ፕሮሰስ ስምና ቁጥር ያሳይዎታል። እሱን ሪስታርት ሲያደርጉ ቦታው ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። ሰርቨሩን በሙሉ ማስነሳት አያስፈልግም።

ሌላም ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» ከተባሉ አይኖዱን (እያንዳንዱ ፋይል የሚመዘገብበትን ቦታ) በዲኤፍ አይ ይመልከቱ። ኤክስት 4 በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ የአይኖድ ብዛት ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር ይወሰናል፤ ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። አንድ የአማቪስ ፎልደር ደግሞ ራሱ አንድ፣ ፓርትስ ሌላ፣ ኢሜይሉ ሌላ፣ እያንዳንዱ አባሪ ሌላ እያለ አይኖድ ይበላል። የአማቪስ ቴምፕ ለፍጥነት ተብሎ ሚሞሪ ላይ በቲኤምፒኤፍኤስ ተቀምጦ ከሆነም ሲያጠፉ የሚለቀቀው ራም ነው፣ ዲስኩ አይነካም። ያን ጊዜ ክምሩ ራሱ ለክላምዲ መገደል ምክንያት ይሆናል፤ በአስቸኳይ መጽዳት አለበት።

አሁን ወደ ጽዳቱ። አማቪስ ውስጥ ያለው ቅጂ መሆኑን ከላይ አይተናል፤ ዋናው ፖስትፊክስ ጋ ነው። ስለዚህ እዚህ ቢጠፋ ደብዳቤ አይጠፋም። ቢሆንም በሥራ ላይ ያለን ፎልደር ከልጁ ሥር መንጠቅ ፍተሻውን ያከሽፋል፣ ሌላ ማስረጃም ያስቀምጣል። በዕድሜ ብቻ መለየት ደግሞ አሳሳች ነው። ኢሜይል የማይበዛበት ሰርቨር ላይ አንድ ልጅ የተመደበለትን ሳይጨርስ ቀናት ሊቆይ ይችላል። የፎልደሩ ስም ላይ ያለው ቀን የሦስት ቀን በፊት ሆኖ ባለቤቱ ግን በሕይወት አለ። ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን ሁሉ የሚለው ክሮንዎ የሚመታው እሱን ነው።

ስሙን ልብ ብለው ያንብቡት። አማቪስ-20250314ቲ091522-18342 የሚል ቢያዩ፣ መጀመሪያ ያለው ዓመት፣ ወርና ቀን ነው፤ ከቲ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ከዚያ የፕሮሰሱ ቁጥር። አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ከኋላው የዘፈቀደ ፊደላት ይጨምራሉ። 18342 የሚባል የአማቪስ ፕሮሰስ አሁን ካለ አይንኩት። ከሌለ የሙት ንብረት ነው።

ለመጀመሪያው ትልቅ ጽዳት ግን ይህን ሁሉ ማጣራት አያስፈልግዎትም። አማቪስን ያቁሙት። ፖስትፊክስ መቀበሉን ይቀጥላል፤ ለማስተላለፍ ያልቻለውን በወረፋ ይይዛል። ልጆቹ በሙሉ መውጣታቸውን በፒኤስ ያረጋግጡ። ከቅርብ ጊዜዎቹ ፎልደሮች ጥቂቱን ለምርመራ ወደ ጎን ያንሱ፣ ሌላውን ያጥፉ። አማቪስን ያስነሱና ወረፋውን በፖስትኪው ኤፍ ያስለቅቁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎልደሮቹን ይቁጠሩ። ከልጆቹ ብዛት በልጦ ከተገኘ ምክንያቱ ገና አልተነካም።

ፖስትፊክስ ወረፋ ውስጥ ግን በፋይንድም ሆነ በአርኤም አይግቡ። አደራ። እዚያ ያለው ፋይል የደብዳቤው ብቸኛ ቅጂ ነው፤ ላኪው ተቀብለናል ተብሎ ሄዷል። አሮጌ ይመስላል ተብሎ የጠፋ ፋይል ሄዷል፤ ላኪውም ተቀባዩም አያውቁትም። ሰርቨሩ በድንገት ሲጠፋ በግማሽ የተጻፉ ፋይሎች እዚያም ይቀራሉ። ፖስትፊክስ ግን ያለቀውንና ያላለቀውን ይለያል። ጽሑፉ ተጠናቆ ሲያልቅ የፋይሉን ፈቃድ ከ600 ወደ 700 ይቀይረዋል። ያላለቀው የማንም ንብረት አይደለም፤ ላኪው 250 ስላልተባለ ራሱ መልሶ ይልከዋል። ጽዳቱን ፖስትሱፐር በፒ ምልክት ይሠራልዎታል፤ ከብልሽት በኋላ የቀሩ አሮጌ ጊዜያዊ ፋይሎችን ለማጥፋት ተብሎ የተሠራ ነው። በኤስ ምልክት ደግሞ የወረፋውን አወቃቀር ያስተካክላል። የወረፋ ፋይል ስም ከአይኖዱ ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ወረፋውን ከባካፕ ወይም ከሌላ ዲስክ ያመጡት እንደሆነ ኤስ ሳያስኪዱ ፖስትፊክስን አያስነሱ።

የተጠቃሚዎቹ ሳጥን ማይልዲር ከሆነ ቲኤምፒ፣ ኒውና ከር የሚባሉ ሦስት ፎልደሮች ያያሉ። ኢሜይል መጀመሪያ ቲኤምፒ ውስጥ ይጻፋል፣ ካለቀ በኋላ ወደ ኒው ይዛወራል። የማይልዲር ደንብ ቲኤምፒ ውስጥ 36 ሰዓት ሳይነካ የቆየ ፋይል ሊጠፋ ይችላል ይላል፤ ዶቭኮትም በዚሁ መሠረት ራሱ ያጸዳል። እዚህ ጣልቃ መግባት አያስፈልግዎትም። ብዙ ከተከማቸ ዲስኩ ሞልቶ በነበረበት ሰዓት ማድረስ እየተቋረጠ ነበር ማለት ነው፤ ከላይ ያለው ሲስተካከል ይህም ይቆማል።

ክሮኑን በመጨረሻ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ግን እንደ መጠባበቂያ ብቻ። አንድ ደረጃ ብቻ ይውረድ፣ ስሙ በአማቪስ የሚጀምረውን ብቻ ይያዝ፣ የፕሮሰሱን ቁጥር ያጣራ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት የቆየውን ብቻ ይንካ። ከሁሉም በላይ ያጠፋውን ብዛት ይላክልዎ። ዜሮ ካልሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። የሲስተሙን ቴምፕ ግን በራስዎ ስክሪፕት በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን) አያጽዱ። ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፎልደር ስለሆነ በሊንክ አታሎ ሌላ ፋይል ማስጠፋት ይቻላል። ለእሱ ሲስተምዲ ቴምፕፋይልስ አለ፤ ከሲስተምዲ ጋር በሚመጣው ነባሪ ቅንብር ቴምፕን በ10 ቀን፣ ቫር ቴምፕን በ30 ቀን ያጸዳል። የአማቪስ ፎልደር በእሱ ሥር ስላልሆነ ነው ሳይነካ የተከመረው።

እነዚህን አይተው አሁንም ካልገባዎት ሎጉን ይላኩልኝ፤ ከ«ፕሪዘርቪንግ ኤቪደንስ» በፊት ያሉትን ጥቂት መስመሮች፣ በዚያው ደቂቃ ያለውን የከርነል ሎግና የፎልደሮቹን ቆጠራ። አድራሻዎቹን ይሸፍኗቸው። የኢሜይል ቴክስት ፋይሉን ግን ለእኔም ሆነ ለማንም አይላኩ፤ የተጠቃሚዎ ደብዳቤ ከነአባሪው እዚያ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ለምርመራ ወደ ጎን ያነሷቸውን ፎልደሮችም ከሩት በቀር ማንም እንዳያነባቸው ባለቤታቸውን ሩት፣ ፈቃዳቸውን 700 ያድርጉና ሥራው ሲያልቅ ያጥፏቸው።